ጭስ የሌለው እሳት

ጭስ የሌለው እሳት አስፈርቷችሁ ያውቃል? እኔን ያስፈራኛል። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወረታ ወዳለው ኪራይ ቤቴ ስሄድ፣ የድንጋይ ከሰል የጫነ ተሳቢ መኪና ከጎሚስታው ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ሌሊት ከሸራው ሥር የገባው ዝናብ ከሰሉን አርሶት፣ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ለተማሪዎቼ ስለዚሁ ከሰል አስተምሬ ነበር። ከትልልቆቹ የማዕድን ማውጫዎች የሚወጣው ከሰል የሲሚንቶ ፋብሪካውን ምድጃ እንደሚያነድ፣ ሲሚንቶው ድልድይና ትምህርት ቤት እንደሚሆን፣ ከሰሉ ከራሳችን መሬት በወጣ ቁጥር ከውጭ ለመግዛት የሚወጣው ምንዛሬ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ እንደሚተርፍ፣ ሁሉንም በቀስት እያያያዝኩ ሰሌዳው እስኪሞላ ጻፍኩላቸው። ማስረዳት እወዳለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ግን ቀስቶቼ ሁሉ ጠፉብኝና አንዲት ትንሽ ልጅ ሆኜ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ ነበር። ፎገራን ለማያውቅ ላስረዳ፤ አገሩ እንደ መዳፍ ዝርግ ነው፣ ክረምት ሲበረታ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛና እያንዳንዱ ቤት ደሴት ይሆናል። እንጨት ብርቅ ስለሆነ የምናነደው ኩበት ነው። ኩበት ይጨሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ትንኝ ግን ያባርራል። ስለዚህ የእኛ ሰው እሳትን የሚያውቀው በጭሱ ነው፤ ሲጨስ በር ይከፈታል፣ ጭሱ ሲያልቅ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይዘጋል። ማንም ጽፎ ያልሰቀለው፣ ማንም ግን የማይስተው ሕግ ነበር።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ ክረምት እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ክርስትናው ገና ሳይደርስ አራስ ቤት ነበረች። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ብቻዋን አትተውም፤ ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስ እንዳያገኛት ይጠበቃል። አባቴ ይፋግ ገበያ እንደሄደ ውሃው መንገዱን ቆርጦት ማዶ ስለቀረ፣ ቤቱን የሚያዙት ታላቅ እህቱ እትዬ አልጋነሽ ነበሩ፤ ድመቷ እንኳ ሳታስፈቅዳቸው የምትወጣ አትመስልም ነበር። ከደጃፋችን ጀምሮ እስከ ዓይን ዳርቻ ውሃ ነው፣ ከውስጥ ደግሞ ጨለማና ብርድ። የኩበቱ ክምር ከሥሩ ርሶ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ተመልሶ ነበር።

አባቴ ማዶ በቀረ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አያ ሞላ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየሄደ፣ በራሱ ላይ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ከጭልጋ በኩል ከሰል የጫነ መኪና ጎርፉ መሀል ቆሞ፣ ሹፌሩ ሸክም ሊያቀል ጥቂቱን ለአገሬው እያደለ ነው አለን። ፋብሪካ የሚያነደው ይኸው ነው፣ አንዲት አራስ ማሞቅ እንዴት ያቅተዋል እያለ ሳቀና ጆንያውን ትቶልን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከሰሉ መጀመሪያ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ጭስ አወጣ፤ በር ከፈትን። ቆይቶ ጭሱ አለቀና ቀይ፣ ጸጥ ያለ ፍም ሆነ። እትዬ አልጋነሽ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ዓይን የማያስለቅስ የተባረከ እሳት እያሉ በሩን ዘጉ፣ መቀርቀሪያውን ጣሉ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ደፈኑ። መጀመሪያ ሙቀቱ እንደ እቅፍ ጣፈጠኝ። ከዚያ ራሴ ይከብደኝ ጀመር፤ ጉልበቴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። እናቴም ራሷን እንዳመማት ስትናገር፣ የአራስ ድካም ነው አሏት።

«እትዬ፣ በሩን ይክፈቱት» አለች እናቴ።

«ነፋስ ልታስመቺው ነው?»

«ልጁ አላለቀሰም።»

«ሞቆት ተኝቶ ነው እንጂ፣ ማርያምን። አርፈሽ ተኚ።»

እናቴ አላረፈችም። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ መቀርቀሪያውን አነሳችና ወጣች። በዳዴ ስከተላት፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ የሕፃኑን ፊት ወደ ነፋሱ አዙራ ይዛዋለች። ከቆይታ በኋላ አለቀሰ። እትዬ አልጋነሽ ሊቆጡ ወጥተው፣ ቁጣውን ሳይጨርሱት መድረኩ ላይ ተዝለፍልፈው ተቀመጡ።

ውሃው ሲሸሽ ትንኝ መጣ፣ ትንኙም ወባ አመጣ፤ ክርስትና ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜን ወሰደው። የልቅሶው ሴቶች ለእናቴ ፊት ለፊት ምንም አላሏትም፤ አጠገቧ ተቀምጠው ግን አራስ ቤት ሳለ ውሃ ላይ ይዛው ወጥታ ነው እየተባባሉ ያዝኑላት ነበር። ሰማቻቸው፤ አመነቻቸውም። ከዚያ ወዲያ ሳታስፈቅድ አንድ በር ስትከፍት አላየኋትም።

አሁን እናቴ ወረታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ያን ቀን ከጎሚስታው ደጃፍ ስመለስ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ አገኘኋት። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፦ ከሰል በዝግ ቤት ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል፣ ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፣ ያን ቀን ባትወጪ ልጁም እኔም እትዬም ሁላችንም እዚያው እንቀር ነበር፣ የገደለው ወባ ነው አልኳት። እንደ ጥሩ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝ።

«አንቺማ ተማርሽ ልጄ» አለችኝ። «እኔ ግን ይዤው ወጣሁ።»

ከወንድሜ ጋር አብራ የጠፋችብኝ፣ ያቺ ውሃው መሀል የቆመች ሴት ናት። አንድ ሕፃን ቀብረናል፤ ለእሷ ግን ማንም አላለቀሰላትም።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከሰል ስታነዱ፣ ጨሰ አልጨሰ ሳትሉ በሩን ክፈቱ። በሰፈራችሁም እንዲህ በወሬ የተዘጋባት እናት ካለች፣ ሄዳችሁ ደግ አደረግሽ በሏት። የእኔ አንድ አፍ አልበቃም፤ የዘጋባት የብዙ ሰው አፍ ነውና የሚከፍትላትም ብዙ ሳይሆን አይቀርም።