ቆዳ የገባበት ክፍሌ

ቆዳ እንደዚያ እንደሚሸት አላውቅም ነበር። እርጥቡ፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ የቆቦ ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ሆና ስታበስለው! አሁን ስጽፈው እንኳ አፍንጫዬን ይዤ ነው፤ ግን ልጽፈው በመቻሌ ደስ ይለኛል።

ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የሚከራይ ቤት ጠፍቶ፣ ከሌላ አገር የሚመደቡ አስተማሪዎች ለአንዲት ክፍል ይሻማሉ። አባቴም ጓሯችን ላይ ሁለት ክፍል ሠርቶ በድብቅ ሊያከራይ ቋመጠ። ቀበሌ ከጠየቀ ተከራዩ «ዘመድ» ነው። ለቆርቆሮው ከአንድ ቆዳ ነጋዴ ተበደረ። ወለድ ሐራም ስለሆነ፣ በወለዱ ፋንታ ብድሩ እስኪመለስ ነጋዴው የመንገድ ዳሩን ክፍል፣ እኔ የምተኛበትንና የማጠናበትን፣ እንዲይዘው ተስማሙ። ምን እንደሚያደርግበት አባቴ አልጠየቀም። ሰው ይገባበታል ብሎ ነው።

ቆዳ ገባበት።

ዝንቡ! ከበሩ ሥር የሚንጠፈጠፈው ቢጫ ውሃ! ሽታው ወጡ ውስጥ፣ ጸጉሬ ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ «ቄራዋ መጣች!» ይሉኛል።

ከጎጃም የመጣው አስተማሪ ከጓሮው አንዱን ክፍል ተከራይቶ ብዙም ሳይቆይ ሻንጣውን አንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘመድ ነህ ቢሉኝም መዛመዱን አልቻልኩትም።»

ሁለተኛውን ክፍል ሊያይ የሚመጣውም ከበር ይመለሳል። አባቴ ነጋዴውን ለመነው። ሰውዬው ጥርሱን እየፋቀ፣

«ብሬን ስጠኝ፣ ቆዳዬን ላውጣ» አለ።

ብሩ የሚመጣው ከኪራዩ ነው፤ ኪራዩ የሚመጣው ቆዳው ሲወጣ!

እናቴ መረራት። «ከሐራም ሸሸሁ ብለህ ግማት ላይ አስተኛኸን አይደል?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ዋጃ ገበያ ወረደች። በርበሬ የምትነግድ ሴት ይዛ ተመለሰች። ሴትዮዋ የነጋዴውን ብር ልትከፍልልን፣ በምትኩ ብሯ እስኪመለስላት ከጓሮው አንዱን ክፍል ልትይዝ ነው። እናቴ ግን እንደ አባቴ አልሆነችም።

«ምን ታስገቢበታለሽ?»

«በርበሬ ነዋ፣ እቴ።»

«ደረቅ?»

«ወላሂ ደረቅ!»

«ቆዳስ?»

«አኡዙ ቢላህ! ምን ነካሽ?»

ቆዳው ወጣ። አስተማሪው እያስነጠሰ ተመለሰ፤ በሚከፍለው ኪራይም አባቴ የሴትዮዋን ብድር ይቀንሳል። እኔም ክፍሌን አገኘሁ። ወለሉን በአመድ አሸነው፣ በእበት ለቀለቅነው፤ ቀትር ላይ ግን ያ ሽታ ዛሬም ከመሬቱ ይነሣል።

ነጋዴው በመስኮቴ በኩል ባለፈ ቁጥር «እንዴት ናት ክፍሏ፣ ተስማማችሽ?» ይለኛል፣ እየሳቀ።

እስኪያልፍ ጠብቄ እተፋለሁ።