ድንጋይ ጠራቢው አማካሪዬ

ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶብኝ ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ሕክምና ዘረዘረልኝና «አስበህበት ተመለስ» አለኝ። ከብቸና ወደ ሞጣ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ እህቴ ደወለች።

«ድንጋዩን ከውጭ ላስመታው? በሌዘር ላስፈጨው? ወይስ ቀዳዳ ተከፍቶ ይውጣ? ጨንቆኛል» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትኩር ብለው ያዩኛል። እግራቸው ሥር መሮና መዶሻ የታጨቀበት ከረጢት አለ፤ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው።

«ስለ ድንጋይማ እኔን ጠይቀኝ» አሉ። «ትንሽ ከሆነ ከውጭ ሲመታ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ግን በስንት ቀኑ ነው የሚወጣ! ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከተቀረቀረ፣ በዚያው በቱቦው ገብቶ መፍጨት ነው። ትልቅ ከሆነ ግን ምን ያለፋሃል? ከጀርባ በኩል ትንሽ ቀዳዳ በስቶ መልቀም!»

ሳቄን ለመዋጥ ጉንጬን ነከስኩ። የጓሮ ቋጥኝ ያስቸገረኝ መስሏቸዋል! ላሳፍራቸው አልፈለግሁም።

«የኔ ትልቅ ነው አባባ» አልኩ።

«እንግዲያው ከጀርባ ነው።»

«በዚህ በእርስዎ መሮ ይበሳል?» ብዬ አላገጥኩ።

«ለሱማ የራሱ መሮ አለው» አሉ ኮስተር ብለው።

ሞጣ ደርሰን ስንወርድ ጀርባቸውን ሰጡኝና ሸሚዛቸውን ከፍ አደረጉ። ወገባቸው ላይ ጥፍር የምታህል ጠባሳ አለች።

«አይዞህ፣ እኔ በወር ከምናምን መዶሻዬን አንስቻለሁ» አሉ። «ምነው ልጄ፣ የጎጃም ሰው ሆነህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ሞጣ ደረስክ?»