የጋሽ ያለው ባለ ሁለት ወንበር

ጆሮው የማይሰማ ካልሆነ በቀር ጋሽ ያለው ፋንታን የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም። ያቺ መኪናው ስትነሣ ከገበያው ዳር ያሉ አህዮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሱላታል። አረንጓዴ ናት፤ ጣሪያ የላትም፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። በጎኗ ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎባታል። ዝቅ ከማለቷ የተነሣ መንገድ ላይ የሚያልፍ በሬ ቁልቁል አይቷት ነው የሚሄደው።

መኪናዋን ወደዚህ አገር ያመጣት ሚስተር ሃዋርድ የሚሉት የመንገድ ቀያሽ እንግሊዛዊ ነው። ያኔ እኛም አገር በግራ በኩል ይነዳ ስለነበር መሪዋ በቀኝ ነው። ሰውየው በአገሩ ሲሽቀዳደምባት ኖሮ፣ ለሥራ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ ሚስቱን ትቶ እሷን በመርከብ ጫነ ይባላል። ስለ ሚስቱ የሚወራውን የጨመረው የቢቸና ሰው ሳይሆን አይቀርም። የክረምቱ ጭቃ ግን የእሽቅድምድም መኪና ነች ብሎ አላፈረም፤ እስከ ወገቧ ዋጣት። የያለው አባት ፋንታ በሬዎቹን ጠምዶ ጎትቶ አወጣለት። ሚስተር ሃዋርድም ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ «ያወጣት ይውሰዳት» ብሎ ትቶለት ሄደ።

ፋንታ መንዳት አያውቅም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ጋቢውን እንደተከናነበ ገብቶ ይቀመጥባታል፤ ጎረቤቱም እየመጣ እጅ ይነሣዋል። በደርግ ጊዜ ትርፍ ንብረት የሚወርሱ ሰዎች መጥተው ዙሪያዋን ደጋግመው ዞሩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ጣሪያ የላት፣ የኋላ ወንበር የላት፤ ይቺማ ግማሽ መኪና ናት» አለ። አዋጁ ስለ ግማሽ የሚለው ስላልነበረ ጥለዋት ሄዱ።

ያለው ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ተቀጥሮ ሙያ ከለመደ በኋላ ተመለሰና፣ በውስጧ የሚፈለፍሉትን ዶሮዎች አስወጥቶ አስነሣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪዋን ሌላ ሰው አላስነካም። የቅኔው መምህር መሪጌታ አካለ ወልድ ይህን አይተው፣ «በቢቸና መሪጌታ ሁለት ሆን፤ እኔ በዜማው፣ እሱ በመሪው» አሉ። የመሪጌታነት ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪኖችን ታሪክ አንድ በአንድ የሚከታተል እንግሊዛዊ ሽማግሌ አስተርጓሚ ይዞ መጣ። የሻንሲዋን ቁጥር ሲያይ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው። የሠራት ትንሽ ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል፤ እህቶቿ ተሰባብረው አልቀዋል፤ እሷም ጠፋች ተብላ ተለቅሶላታል። ሽማግሌው እንባውን ጠርጎ መጠየቅ ጀመረ።

«መሪው ኦሪጅናል ነው?»

«የለም። ዋንዛ ጠርቤ ነው የሠራሁት።»

«የኮፈኑ ማሰሪያስ?»

«የሞፈር ጠፍር ነው።»

«የወንበሩ ቆዳስ?»

«እሱ እንኳ ኦሪጅናል ነው» አለ ጋሽ ያለው ደረቱን ነፍቶ። «ከጭቃ ያወጣት የአባቴ በሬ የቦራ ቆዳ ነው።»

ሽማግሌው ሊገዛት ለመነ። ጋሽ ያለው ግን፣ «ልጄን የምድርባት ናት» ብሎ በቡና ቤት ቢራ ጋብዞ ሸኘው።

ቃሉም ቃል ነበር። ልጁን ዘሪቱን የሞጣው ፋርማሲስት የሻው ሲያጫት፣ «የሙሽራ መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡ» ብሎ አስጠነቀቀ። በጥር፣ በሠርጉ ቀን፣ የሻውና ሚዜዎቹ በሚኒባስ መጡ። ጋሽ ያለው አዲስ ሱፉን ለብሶ፣ መኪናዋን በአበባ አስጊጦ፣ መሪው ላይ ተሰይሞ ጠበቀ። ዘሪቱ ቬሎዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እልልታው ቀለጠ። የሻው ግን መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ደግሞ ዞራት።

«አባባ፣ የኋላው በር በየት በኩል ነው?»

«የኋላ በር የላትም።»

«እኔስ?»

ጋሽ ያለው ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ አበባው ወራት ሙሉ አስቧል፤ ስለ ሙሽራው ግን ለአንዲት ቀን እንኳ ትዝ አላለውም። አንዱ ሚዜ፣ ሙሽራው ኮፈኑ ላይ ይውጣ አለ። ሌላው ሙሽራዋ ጭኑ ላይ ትሁን ሲል መሪጌታ አካለ ወልድ በዓይናቸው ገሠጹት።

ያን ጊዜ የጋሽ ያለው ሚስት አስቻለች፣ እንደዋዛ፣ «ዘሪቱ ትንዳዋ» አለች።

«ዘሪቱ? ከመቼ ወዲህ?»

«አንተ ዲማ ጊዮርጊስ ለንግሥ ከሄድህ ወዲህ።»

«የዘንድሮውን ነው?»

«የየዓመቱን።»

ጋሽ ያለው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ባለቤቱ ራቅ ሲል ቤንዚን ይተናል ያልሽኝ...»

«ተነነ» አለች አስቻለች።

ሰዉ ሳቁን አፍኖ ጠበቀ። ጋሽ ያለው የዋንዛ መሪውን በሱፉ እጅጌ ወለወለና ወረደ። መሪጌታም፣ «አይዞህ ያለው፣ መሪው ቢሄድም ጌታው ቀርቷል» አሉት።

«ሁለተኛው ማርሽ ይነክሳል» አላት ልጁን።

«አውቃለሁ አባ፤ በጉልበት ደገፍ አድርጎ ነው» አለች ዘሪቱ፣ ጫማዋን አውልቃ ለሚዜዋ እያቀበለች።

ከዚያ የሻውን አጠገቧ አስቀምጣ ቢቸናን በአቧራ ሸፍና ጠፋች። ጋሽ ያለው በሚኒባሱ ውስጥ በሚዜዎች መካከል ተጣቦ ሲከተል፣ ከፊቱ ያለው ኮረብታ ሁሉ ያገሳ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከውስጧ ሆኖ ነው የሰማት፤ ከሩቅ ምን እንደምትመስል አያውቅም ነበር። ሹፌሩን ሙዚቃውን እንዲዘጋ ለመነው። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አዳመጠ፤ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ሲታይ አቧራ ነው አለ።

ሞጣ ሲደርሱ ሙሽሮቹ ቀድመው ገብተዋል። የሻው ሱፉ ዳለቻ ሆኖ፣ የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ በሩን ሙጭጭ አድርጎ እንደያዘ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ «ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?» ብለው ጮኹ።

«እማ» አለ የሻው፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ «ማንም አልቀደመንም!»

እነሆ አሁን መኪናዋ ሞጣ ናት። ዘሪቱ በየወሩ አባቷን ለመጠየቅ ትመጣባትና ቢቸናን አንድ ዙር ታዞረዋለች። ጋሽ ያለው ከግራ ወንበር ተቀምጦ እጁን አጣጥፎ ለሰላምታ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ግን ቀኝ እግሩ ራሱን ችሎ ይዘረጋና፣ በዚያ በኩል ኖሮ የማያውቀውን ፍሬን አጥብቆ ይረግጣል።

«አባ፣ ያዝህ?» ትለዋለች ዘሪቱ።

«ያዝኩ፤ አንቺ ንጂ» ይላታል።