ሁዳዴ የያዘው ሙክት

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። መማር የምፈልገው ስፖርት ማኔጅመንት ነው። ውድድር ማዘጋጀት፣ ስፖንሰር ማፈላለግ፣ ክለብ ማስተዳደር፤ የምመኘው እንጀራ ይኼ ነው። አባቴ ደብረ ኤልያስ ገበሬ ነው። ሐሳቤን በስልክ ነገርኩት።

«ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርከው ኳስ ልትጫወት ነው?»

«አልጫወትም አባዬ፤ አጫውታለሁ።»

«ማጫወትማ ሥራ ፈትም ያጫውታል። እስቲ ሥራ መሆኑን አሳየኝ፤ ያኔ እመርቅሃለሁ።»

ያለ እሱ ምርቃት የትምህርት ክፍል ምርጫዬን መሙላት አልሆነልኝም። ስለዚህ በሰፈራችን ሜዳ የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጀሁ። ሽልማት ፍለጋ የሄድኩት አንድ ሥጋ ቤት ነበር።

«ሙክት እሰጣለሁ» አሉ ባለቤቱ። «ስሜን በድምፅ ማጉያ ትጠራለህ። አሸናፊዎቹ በጉን ሲበሉ ደግሞ በእኔ ባነር ሥር ፎቶ ይነሣሉ።»

«እሺ ጋሼ፤ እንዳሉት ይሆናል።»

ፍጻሜውን የቅበላ እሑድ አደረግኩት። ሁዳዴ ሳይገባ ሥጋ የሚበላበት የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ግን አንድ የሰፈሩ አዛውንት አረፉ፤ የለቅሶው ድንኳን ሜዳው ዳር ተተከለ። ድንኳን አጠገብ ኳስ አይመታም። ፍጻሜው ለሳምንት ተላለፈ፤ ያን ጊዜ ጾም ገብቷል።

ጨዋታው ተካሄደ፣ በጉም ተሸለመ፤ የሚያርደው ግን የለም። ጋሼ ሥጋ ቤታቸውን ዘግተው ጾሙን ሊያሳልፉ ጉንደ ወይን ወደ ዘመዶቻቸው ሄደዋል። የአሸናፊው ቡድን አምበል ገመዱን እጄ ላይ አኖረው።

«ሥራ አስኪያጅ! እስከ ፋሲካ አደራ። ከከሳ አንተን ነው የምናርድ።»

የተሸነፉትም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ዋንጫው ዛሬ ሳር በላ?» ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ እረፍት አጣሁ። መምህሩ ስለ ገበያ ጥናት ሲያስተምር እኔ ገመዱን በደንብ አስሬው ይሆን እላለሁ። በእረፍት ሰዓት አክስቴ ግቢ ደርሼ እያለከለክኩ እመለሳለሁ። አንድ ቀን በጉ ሳር እምቢ አለ። ቢቸግረኝ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«የማን በግ ነው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። እስኪበቃው ስቆብኝ ሲያበቃ ጥያቄ ጀመረ። ሜዳውን ማን ፈቀደ? ሲጣሉ ማን ዳኘ? ቀኑ ሲለወጥ የተቀየመ የለም? ቤት ለቤት እየዞርኩ እንዳስማማኋቸው ነገርኩት።

«ይኼማ ዕድር እንደመምራት ነው» አለ። አባቴ የዕድር ዳኛ ነው፤ ሲመራ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንደሚያነጋ አውቃለሁ። «በል ጨው አልሰው። በጉ ለፋሲካ ይድረስና እመርቅሃለሁ።»

ምርጫው የሚዘጋው ግን ከፋሲካ በፊት ነው። በመጨረሻው ቀን እንደገና ደወልኩ።

«ሳር ጀመረ?» አለኝ።

«ጀምሯል አባዬ።»

«እንግዲያ ሙላ። ምርቃቱን ለበዓል መጥቼ እሰጥሃለሁ።»

ሞላሁ። ደስ ብሎኛል፤ ግን አሁንም አልተረጋጋሁም። በጉ የአክስቴ ጎመን ላይ ዓይኑን ጥሏል። አሸናፊዎቹ ሥሩ ፎቶ የሚነሡበት ባነርም ጋሼ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስልክ አያነሡም።