ስለ ኮድ የመጡ ሽማግሌዎች

ነቀምቴ ላይ ሽማግሌ ለጋብቻም ለእርቅም ሲላክ አይቻለሁ። ለሶፍትዌር የተላከበት ሰው ግን፣ ወገኖቼ፣ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም!

በስልክ የሚሠራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አለኝ። ኮዱን ማንም አይቶ እርማት እንዲልክልኝ ክፍት አድርጌዋለሁ፤ እርማቱን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት ፈቃድ ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጫልቱ የምትባል የሲሬ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ይህንኑ ፈቃድ ጠየቀችኝ። «የተማሪ ሥራ ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም» ብዬ መለስኩላት።

እሁድ ከቸርች ስመለስ፣ ጨለለቂ ያለው ቤቴ በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው «ለጫልቱ ፈቃዱን ሳትሰጥ አንቀመጥም» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ኮድ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ኮድ ሊለምነኝ!

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ በሽማግሌ የሚሰጥ ነገር አይደለም» አልኳቸው ትልቁን።

«ኢልመኮ፣ ልጄ» አሉኝ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «የእሷን ሥራ አንተ ታየዋለህ። ያንተንስ ማን ያየዋል?»

እንዲሄዱልኝ ብዬ እዚያው በስልኬ ሙሉ ፈቃድ ሰጠኋት። መረቁኝና ተቀመጡ።

ሰኞ አዲስ ሥራዬን ላስገባ ብሞክር እምቢ አለኝ። ለካ ጫልቱ በሰጠኋት ሙሉ ፈቃድ ደንብ አውጥታለች፦ የማንም ሥራ፣ የእኔም ጭምር፣ ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም። አይቶ ማሳለፍ የምትችለው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ ፈተና ላይ ነኝ፤ ስጨርስ አይልዎታለሁ» አለችኝ።

እስቲ በሞቴ፣ ሲሬ ድረስ የሚሄድልኝ ሽማግሌ ጠቁሙኝ።