በስንደዶ ያነበብኩት መልእክት

የኔታን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ልጄ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ያን ሰሞን መንገዱ ያስፈራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ወደ ማታ ሲል የስልክ መልእክት ገባልኝ።

ድሮ ቢሆን ወደ የኔታ እሮጥ ነበር። የደብራችን የንባብ መምህር ነበሩ፤ የሚመጣልኝን ሁሉ የሚያነቡልኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ግን፣ "አንቺ፣ የልጅሽን ደህንነት እስከ መቼ ከኔ አፍ ትጠብቂያለሽ? ቁጭ በይ!" አሉና ከሕፃናቱ ጋር ፊደል አስቆጠሩኝ።

አሁን የማነብበው ብቻዬን ነው። ከጓሳ ተራራ የወረደው ጉም ደጃፉን ሞልቶታል፤ ቤቱ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ስንደዶ መዝዤ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆምኩ በዜማ ጀመርኩ። "እ… ማ… ዬ…"

ጎረቤቴ ከውጭ ሰምታ፣ "ደግሞ ዳዊት በስልክ ተጀመረ?" ብላ ሳቀች።

"ዝም በይ እቴ፣ አልጨረስኩም! ደ… ረ… ስ… ኩ።"

ደረስኩ። ደርሳለች። እልል ከማለቴ በፊት እንደገና ከመጀመሪያው ያዝኩት። ከጉሙ ውስጥ የኔታ፣ "ቀስ በይ፣ ማን ያባርርሻል?" ያሉኝ መሰለኝ። እሺ የኔታ አልኩና ቀስ ብዬ አነበብኩት።