ዘሪቱና ራስ አልባው ባስ

ዘሪቱ ባስ ጊታሯን ከሻንጣው ስታወጣ የጫኖ ሙዝ መጋዘን ሠራተኞች በሳቅ ፍርስ አሉ። ጊታሩ ራስ የለውም። ሌላው ጊታር ሁሉ ከአንገቱ በላይ ተሸክሞት የሚዞረው ጣውላ እዚህ ጭራሽ የለም፤ መቃኛዎቹ ከታች፣ ከጭራው ላይ ተደርድረዋል።

«ጭንቅላቱን ጅብ በላው እንዴ?» አለ አንዱ ሙዝ ጫኝ።

ይሳቁ! እሷ በአንድ እጇ አነሳችው፣ አወረደችው፣ ደግማ አነሳችው። ቀላል ነው፤ ከመቅለሉ የተነሳ ልቧ በደስታ ሊወልቅ ደረሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘሪቱ በሥራ ቀን ሙዝ የምትመዝን፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያኗ ባስ የምትጫወት ሴት ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና ግራ ትከሻዋ ተሰበረ። አጥንቱ ሲገጥም ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታንጠለጥዪበት» አላት። የቤተ ክርስቲያኑ ባስ ደግሞ እንደ ሙዝ ዘለላ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሲጫወቱ ማየት ሆነ ሥራዋ፤ ጣቶቿ ብቻ ጉልበቷ ላይ ይሮጣሉ። ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ይህን ርካሽና ቀላል ባስ አግኝታ ላከችላት። የመዘምራኑ መሪ ዘካሪያስ ግን እንደ እሷ አልፈነጠዘም። ኪቦርድ የሚጫወተው እሱ ራሱ ነው።

«እህት ዘሪቱ፣ ባሱን እኮ በግራ እጄ እየሸፈንኩት ነው» አላት። «እስቲ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር በሚደረገው ጉባኤ እንይሽ። ካልሆነ በዚሁ እንቀጥላለን።»

«እንይሽ» የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። ተበላሽቶባት ብትመለስ ቦታዋ ላይመለስላት ነው።

ርካሽ ዕቃ ደግሞ ያው ርካሽ ነው። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ከክሮቹ ሥር፣ ወደ ጭራው በኩል ወሸቀችበት፤ ዱም! አለላት፤ ብቻዋን ጮኸች። መቃኛዎቹ አልዞር ሲሏት ከባጃጅ ጠጋኝ ግራሶ ለምና ቀባቻቸው። ገላው ትንሽ ስለሆነ ጭኗ ላይ አልቀመጥ ብሎ ሲንሸራተትባት የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጣ ከሥሩ ለጠፈችበት። ጎረቤቶቿ ሴትዮዋን ነካ አደረጋት ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ቀረ ማንገቻው። አብሮት የመጣው ቀጭን ናይለን የተሰበረው አጥንቷ ላይ ይገባል። ለዚህ ሰው አላት፤ የእናቷ ወንድም ደበሌ ኦቾሎ ላይ ሸማኔ ነው። በጉባኤው ዋዜማ ጊታሯን ታቅፋ ተራራውን ወጣች።

«ትተሽልኝ ሂጂ፤ ልኩን እያየሁ ልሥራው» አላት ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ። እሷም ከጉባኤው እንግዶች ጋር ልታድር ሄደች።

በማግስቱ ማንገቻው ደርሶ ጠበቃት፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ቀይና ቢጫ የጥጥ ሽመና። አነገተችው። ትከሻዋ ምንም አላላትም! አጎቷን ጉንጩን ስማው መድረኩ ላይ በሩጫ ወጣች።

ከዚያ አንዱን ክር ነካችው። ብልልል አለ። ሌላውን ነካች፤ እሱም ያው። አራቱም ክሮች እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግበዋል።

«አጎቴ! ምን አደረግከው?»

ደበሌ ከፊት ወንበር በኩራት ፈገግ አለ። «ምነው ልጄ፣ ድር ተወጥሮ ያድራል እንዴ? ሥራ ሲቆም ማላላት ነው፤ አለዚያ ክሩ ይደክማል። አሳረፍኩልሽ እኮ!»

ዕድሜውን ሙሉ ሸማው ያማረለት በዚሁ ነው። ዘካሪያስ ከኪቦርዱ ላይ ቀና ብሎ «ጀመርን ወይስ እንተወው?» በሚል ዓይን አያት። ዘሪቱ መቃኛውን ማጥበቅ ያዘች።

የኦቾሎ እናቶች ግን መዘምራን እስኪሰናዱ የሚጠብቁ ዓይነት አይደሉም። አንዷ በጋሞኛ መዝሙር አነሳች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ድምፃቸው የጉባኤውን ድንኳን ሞላው። ዘካሪያስ ሊከተላቸው አንዱን ቁልፍ ተጫነ፤ ከድምፃቸው ዝቅ አለ። ቀጣዩን ተጫነ፤ ከፍ አለ። የእናቶቹ ድምፅ ከሁለቱ መሃል ነው። ማስተካከያውን ፍለጋ ኪቦርዱን ሲጎረጉር ላቡ ጠብ ጠብ አለ።

ዘሪቱ ቀድሞ ገባት። የእሷ ክሮች እንደሆኑ ገና የትም አልደረሱም፤ ወደፈለገችው ድምፅ ልትወስዳቸው ትችላለች! ኪቦርዱን ትታ ጆሮዋን ለእናቶቹ ሰጠች። ወፍራሙን ክር በእነሱ ድምፅ ልክ አጠበቀችው፣ ቀጣዩን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ድምፅ ማጉያውን ከፈተችና መታችው።

ዱም!

እናቶቹ ባንድ ላይ ዞረው አዩዋት። እልልታው ቀለጠ፤ ጭብጨባው ፈጠነ፤ እሷም አብራቸው ፈጠነች። ሁለት ዓመት ጉልበቷ ላይ የሮጡት ጣቶች ዛሬ ክር አግኝተዋል። ዘካሪያስ ሁለቱንም እጆቹን ከኪቦርዱ አነሳና ያጨበጭብ ጀመር። አንዱ መዝሙር ሲያልቅ እናቶቹ ሌላ አነሱ፣ ከዚያም ሌላ፤ የጉባኤው ሰባኪ ተራው እስኪደርስ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ቆመ።

«አየሽ» አለ ደበሌ በኋላ፣ «ስላረፈ ነው እንዲህ ያማረው።» አልተከራከረችውም። እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

ዘካሪያስ ገመድ እየጠቀለለ መጣ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ። ደግሞ እንደ ድሮሽ አርፍደሽ ትመጪና እንዳንጣላ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷ ማርፈድ ማንንም አስቆጥቶ አያውቅም። ዘሪቱ እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።